«ራሴን አሞኛል፣ ደሜን መርምሩልኝ»፦ ታይፎይድና ታይፈስ የሚለው ወረቀት ምን ያህል ይታመናል?



የዛሬው ጽሑፍ አንዳንዶቻችሁን ሳያስቀይም አይቀርም። የሙያ ጓደኞቼንም ጭምር። ቢሆንም ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም።

ነገሩ ይሄ ነው። ራሳችሁን ስላመማችሁ ብቻ ክሊኒክ ገብታችሁ፣ ደም ሰጥታችሁ፣ ግማሽ ሰዓት ወንበር ላይ ጠብቃችሁ፣ «ታይፎይድና ታይፈስ ተገኝቶብሃል» ተብላችሁ፣ በፌስታል መድኃኒት ይዛችሁ ከወጣችሁ፣ ምናልባት ሁለቱም የለባችሁም። «ምናልባት» ያልኩት ለጨዋነት ነው።

የምሠራው አቃቂ ቃሊቲ ውስጥ ነው። ከሳሪስ አቦ ተነስታችሁ በቃሊቲ አድርጋችሁ እስከ ቱሉ ዲምቱ ብትሄዱ መንገዱ ግራና ቀኝ ስንት የክሊኒክና የላብራቶሪ ሰሌዳ እንዳለ ታውቃላችሁ። ድንገተኛ ክፍል ተረኛ ስሆን ታማሚውን «ምን ሆነው መጡ?» ብዬ እጠይቃለሁ። «ራሴን አሞኝ» የሚለኝ ሰው ጥቂት ነው። «ታይፎይዴ ተነስቶብኝ ነው» ነው የሚለኝ። በሽታው እንደ ዘመድ የራሱ ሆኗል፤ በዓመት ሦስትና አራት ጊዜ ይጠይቀዋል። ኪሱ ውስጥ ታጥፎ ታጥፎ የተበጫጨቀ የላብራቶሪ ወረቀት አለ። እናቶች ደግሞ ልጃቸውን አቅፈው «ዶክተርዬ፣ ታይፎይዱ ደሙ ውስጥ ቀርቶ ነው፣ ጠንከር ያለ እዘዢልኝ» ይላሉ። እነሱ ላይ አልፈርድም፤ የተነገራቸውን ነው የሚደግሙት። ይህንን ቋንቋ ያስተማርናቸው እኛ የጤና ባለሙያዎች ነን።

ስለዚህ ወረቀቱ ላይ ያለው ነገር ምን እንደሆነ ላስረዳችሁ።

ለታይፎይድ የሚሠራው ምርመራ ዊዳል ይባላል። በፈረንሳይ የተሠራው በ1896 እ.ኤ.አ. ነው፤ የዓድዋ ድል ዓመት ማለት ነው። ለታይፈስ የሚሠራው ዌል ፊሊክስ ይባላል፤ እሱ ደግሞ የ1916 ነው። ዕድሜያቸው ብቻውን ነውር አይደለም፤ ፓራሲታሞልም የቆየ መድኃኒት ነው። ችግሩ የሚፈልጉት ነገር ላይ ነው።

ዊዳል ባክቴሪያውን አይፈልግም። የሚፈልገው ሰውነታችን ከባክቴሪያው ጋር ለመዋጋት የሠራውን መከላከያ፣ አንቲቦዲ የምንለውን ነው። እንዲህ አስቡት፦ አንድ ሰፈር ሌባ ገብቶ ነበርና ነዋሪው ዘበኛ ቀጠረ። ሌባው ከተያዘ በኋላም ዘበኛው ለወራት፣ ለዓመታትም ደሞዙን እየበላ ይቆያል። እኛ ዘበኛውን አይተን «ሌባ አለ!» ብለን እንጮሃለን። ከዚህ በፊት ታይፎይድ ይዟችሁ ከነበረ፣ የታይፎይድ ክትባት ወስዳችሁ ከሆነ፣ ከታይፎይድ ጋር የሚመሳሰል ሌላ ሳልሞኔላ ከነካችሁ፣ አንዳንዴም ወባ ይዟችሁ ከሆነ ወረቀቱ «ፖዘቲቭ» ሊል ይችላል። ውሃውና የፍሳሽ ማስወገጃው እንደኛ በሆነበት አገር ደግሞ ብዙ ጤነኛ ሰው ደሙ ውስጥ ትንሽ ትንሽ ዘበኛ አለው። «1 ለ 80» የምትሉት ቁጥር ብዙ ጊዜ ይሄው ነው።

በትክክል ይሠራ ቢባል ኖሮ ዊዳል ሁለት ጊዜ ነበር የሚሠራው፤ መጀመሪያ ስትታመሙ፣ ከዚያ ከሳምንት ወይም ከአሥር ቀን በኋላ። ቁጥሩ በአራት እጥፍ ካደገ አንድ ነገር ይነግረናል። ደግሞም አንቲቦዲው በደንብ የሚታየው ከሕመሙ የመጀመሪያ ሳምንት በኋላ ነው። ትናንት ማታ ራሱን ያመመው ሰው ዛሬ ጠዋት የሚያሳየው ዊዳል ስለ ትናንት ማታ ምንም ሊናገር አይችልም። ለመሆኑ ከእናንተ መካከል ሁለት ጊዜ ዊዳል የተሠራለት አለ? ጽፋችሁ ንገሩኝ፤ እስካሁን አላገኘሁም።

የታይፈሱ ይብሳል። ዌል ፊሊክስ የታይፈስን ተሕዋሲ እንኳን አይጠቀምም። ፕሮቲየስ የሚባል፣ ከታይፈስ ጋር ዝምድና የሌለው፣ ሽንት ቧንቧን የሚያሳምም ሌላ ባክቴሪያ ነው የሚጠቀመው። የሁለቱ አንድ ነገራቸው በአጋጣሚ ስለሚመሳሰል ብቻ ነው። ስለዚህ የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ያለባት ሴት «ታይፈስ» ልትባል ትችላለች። ታይፈስ በአገራችን ታሪክ ውስጥ ሰው ያስለቀሰ እውነተኛ በሽታ ነው፤ ወላጆቻችን ተስቦ የሚሉት። በቅማል ይተላለፋል፤ በጦርነት፣ በስደት፣ በእስር ቤት፣ ሰው ተጨናንቆ ልብስ ማጠብ በማይችልበት ቦታ ይነሳል። በአይጥ ቁንጫ የሚተላለፍ ቀለል ያለ ዓይነትም አለ። ሁለቱም ግን ከፍተኛ ትኩሳት ያላቸው በሽታዎች ናቸው። ቢሮ ውስጥ ኮምፒውተር ላይ ውሎ ማታ ግንባሩን የሚወጋው ሰው፣ ትኩሳት ሳይኖረው፣ ታይፈስ አለበት ማለት ምን ማለት ነው?

ታይፎይድና ታይፈስ ደግሞ ስማቸው ተመሳሰለ እንጂ ሁለት የተለያዩ በሽታዎች ናቸው። አንዱ በምግብና በውሃ፣ ሌላው በቅማልና በቁንጫ። አንድ ሰው በአንድ ሳምንት ሁለቱም ሲይዙት ብርቅ ነው። እኛ ሰፈር ግን ሁልጊዜ ተያይዘው ነው የሚመጡት፣ እንደ ጨውና በርበሬ። ይሄ ብቻ ሊያጠራጥራችሁ ይገባ ነበር።

«ዶክተር፣ ይሄ ያንቺ አስተያየት ነው» የምትሉ አትጠፉም። እሺ፣ የእኔን ተዉት። እዚሁ አዲስ አበባ በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል የተሠራና በ2014 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት አለ። ትኩሳት ያላቸው 270 አዋቂ ታማሚዎች ደም ተወስዶ ዊዳልም ተሠራ፣ የደም ካልቸርም ተሠራ። ካልቸር ማለት ደሙን አቆይቶ ባክቴሪያው ራሱ ሲያድግ ማየት ነው፤ ሌባውን እጅ ከፍንጅ መያዝ። ዊዳል 88 ሰዎችን «አለባችሁ» አለ። ከነዚያ 88 ሰዎች መካከል በካልቸር የታይፎይድ ባክቴሪያ የተገኘባቸው ስንት ናቸው? 5። አምስት ብቻ። 83ቱ በካልቸር አልተረጋገጠላቸውም። ከዚህም ሌላ ባክቴሪያው እያለባቸው ዊዳል «የላችሁም» ያላቸው 2 ሰዎች ነበሩ።

ሐቀኛ ልሁን፤ ካልቸርም ፍጹም አይደለም። ከእውነተኛ የታይፎይድ ታማሚዎች ግማሽ የሚጠጉትን ሊስት ይችላል፣ በተለይ ታማሚው አስቀድሞ አንቲባዮቲክ ከወሰደ። እንግዲያው ቁጥሩን በእጥፍ እናድርገው፤ ከ88ቱ 10ሩ እውነት ታይፎይድ ነበረባቸው እንበል። የቀሩት 78ቱስ? እነዚህ ደግሞ ቢያንስ ትኩሳት የነበራቸው ናቸው። ትኩሳት የሌለው፣ ራሱን ብቻ ያመመው ሰው ላይ ሲሠራ ወረቀቱ ከዚህም በታች ነው የሚታመነው።

አሁን ደግሞ ሁሌ የምሰማውን ጥያቄ ልመልስ። «ታዲያ መድኃኒቱን ስወስድ ለምን ተሻለኝ?»

ጥሩ ጥያቄ ነው። ማይግሬን የሚባለው ራስ ምታት ካልታከመ ከ4 ሰዓት እስከ 72 ሰዓት ይቆይና ራሱ ይለቃል። ታይፎይድ የተባላችሁ ቀን ሲፕሮ ጀመራችሁ፣ በሦስተኛው ቀን ተሻላችሁ። ውሃ ብትጠጡም በሦስተኛው ቀን ይሻላችሁ ነበር። ደግሞ ከሲፕሮው ጋር ዳይክሎፌናክ መርፌ ተወግታችኋል፤ እሱ ማስታገሻ ነው፣ ራስ ምታቱን ያስታገሰው እሱ ነው። ምስጋናውን የወሰደው ግን አንቲባዮቲኩ ነው። ከሁለት ወር በኋላ ማይግሬኑ ተመልሶ ሲመጣ «ታይፎይዱ አገረሸ» ይባላል።

ማይግሬን ደግሞ የፈረንጅ በሽታ አይደለም። በ2016 እ.ኤ.አ. የታተመ በኢትዮጵያ የተሠራ ጥናት በአንድ ዓመት ውስጥ ከመቶ አዋቂዎች ወደ 18 የሚጠጉት ማይግሬን እንዳጋጠማቸው አሳይቷል። ከአምስት ሰው አንድ ለማለት ትንሽ ነው የሚቀረው። እነዚህ ሁሉ ሰዎች የት ሄዱ? ማይግሬን አለብኝ ብሎ የሚመጣ ሰው እዚህ ግባ አይባልም። «ታይፎይድ» በሚለው ስም ተደብቀው ነው ያሉት።

ስለ ገንዘቡ ብዙ አላወራም፤ እናንተ ከእኔ በላይ ታውቁታላችሁ። የካርድ ዋጋ ትንሽ ነው፤ የሐኪም ማዳመጥ ዋጋ የለውም፤ ክሊኒክ የሚተዳደረው በላብራቶሪና በመድኃኒት ነው። ይህንን ሥርዓት አንድ ሐኪም ብቻውን አልሠራውም። ነገር ግን ታማሚ ክፍል ገብቶ ሳይቀመጥ የላብራቶሪ ወረቀት የሚሞላ ሐኪም «ሥርዓቱ ነው» ብሎ ማምለጥ የለበትም። ጓደኞቼ፣ ራስ ምታት የሚመረመረው በጆሮ ነው፤ በመስማት። መቼ ጀመረ፣ እንዴት ጀመረ፣ የት ያማል፣ ብርሃን ያስጠላል ወይ፣ ያስመልሳል ወይ፣ ከዚህ በፊት እንዲህ ሆኖ ያውቃል ወይ። ከዚያ የደም ግፊት፣ የሙቀት መለኪያ፣ ማጅራት፣ ዓይን፣ እጅና እግር። አሥር ደቂቃ በቂ ነው። ታማሚዎችም የበኩላችሁን ውሰዱ። አዳምጬ፣ መርምሬ «ደም አያስፈልግም» ያልኳቸው ሰዎች «ምንም ሳታይልኝ ለቀቀችኝ» ብለው ቀጣዩ በር ሲገቡ አይቻለሁ። መመርመር ማለት መወጋት አይደለም።

ይሄ ሁሉ የገንዘብ ብክነት ብቻ ቢሆን ኖሮ እንዲህ አልቆጣም ነበር። የሚያስቆጣኝ ወረቀቱ እውነተኛውን በሽታ የሚጋርድ መሆኑ ነው።

የመጀመሪያው ማጅራት ገትር ነው። ኢትዮጵያ የአፍሪካ የማጅራት ገትር ቀበቶ ከሚባሉት አገሮች አንዷ ናት። ልጁ ትኩሳት አለው፣ ራሱን ያመዋል፣ ያስመልሰዋል። ክሊኒክ ሄደ፤ ዊዳል «ፖዘቲቭ» አለ። የሚዋጥ ሲፕሮ ወይም በቀን አንድ ጊዜ ትንሽ መጠን ያለው ሴፍትሪአክሶን መርፌ ተጀመረለት። ይሄ መጠን ለማጅራት ገትር አይበቃም፤ ግን ባክቴሪያውን ለማደናገር ይበቃል። ትኩሳቱ ትንሽ ቀዝቀዝ ይልና ቤተሰብ ይረጋጋል። በአምስተኛው ቀን ልጁ እየተንቀጠቀጠ ድንገተኛ ክፍል ይመጣል። ከጀርባው ፈሳሽ ወስደን ስናሳድገው ባክቴሪያው አያድግም፤ በግማሽ መድኃኒት ተደብቋል። ከዚህ የሚተርፍ ልጅ መስማት ሊሳነው ይችላል። ማጅራት ገትር በሰዓታት የሚለካ በሽታ ነው፤ እኛ አምስት ቀን ለወረቀት ሰጠነው።

ወላጆች፣ እዚህ ላይ አንድ ነገር እለምናችኋለሁ። ሐኪም «ከጀርባው ፈሳሽ እንውሰድ» ሲላችሁ እምቢ አትበሉ። «ሽባ ይሆናል» የሚባለው ትክክል አይደለም። መርፌው የሚገባው ወገብ ላይ፣ ህብለ ሰረሰር ካለቀበት በታች ነው። ለራስ ምታትና ለትኩሳት በሙሉ አንጀቴ «ይህ ምርመራ አስፈላጊ ነው» የምለው ይሄ ነው፤ እንቢ የሚባለው ግን ይሄው ነው። ዊዳልን ለምናችሁ ታሠራላችሁ፣ የጀርባውን ትፈርሙና ልጁን ይዛችሁ ትወጣላችሁ። የቱ ነው ልጃችሁን የሚያድነው?

ሁለተኛው የሳንባ ነቀርሳ ነው። ሲፕሮና የእሱ ወገኖች የቲቢን ባክቴሪያ በመጠኑ ይጎዱታል። ስለዚህ ቲቢ ያለበት ሰው «ለታይፎይድ» ሲፕሮ ሲወስድ ለጥቂት ጊዜ ይሻለዋል፣ ምርመራውም ይዘገያል። የቲቢ ማጅራት ገትር ደግሞ በራስ ምታትና በመክሳት ሳምንታትን ወስዶ ነው የሚመጣው፤ ሦስት ጊዜ «ታይፎይድ» ተብሎ ታክሞ በአራተኛው ራሱን ስቶ ይመጣል።

ሦስተኛው ነፍሰ ጡሮች ናቸው። ከአምስተኛ ወር በኋላ ራሷን አጥብቆ ያመማት፣ ዓይኗ ብዥ ያለባት፣ ፊቷና እጇ ያበጠባት ነፍሰ ጡር መጀመሪያ የሚያስፈልጋት የደም ግፊት መለካትና የሽንት ፕሮቲን ነው። የደም ግፊት መለኪያ ሁለት ደቂቃ ይፈጃል። «ታይፎይድ» ተብላ ወደ ቤቷ ከሄደች ማታ በመንቀጥቀጥ ልትመለስ ትችላለች። ከወለደች በኋላም እስከ ስድስት ሳምንት ይሄ ስጋት ሙሉ በሙሉ አያልፍም፤ «አራስ ናት፣ ብርድ ነው» አትበሉ።

አራተኛው ከሰል ነው። ኮንዶሚኒየም ውስጥ፣ ኮዬ ፈጬም በሉ ገላን፣ በክረምት በር መስኮት ዘግተን ከሰል እናያይዛለን፣ ቡናውም ይፈላል፣ ቤቱም ይሞቃል። ከዚያ መላው ቤተሰብ ራሱን ያመዋል፣ ያጥወለውላል። ሁሉም በአንድ ቀን ታይፎይድ ያዛቸው? የከሰሉ ጋዝ፣ ካርቦን ሞኖክሳይድ፣ ሽታም ቀለምም የለውም። የሚገርመው ነገር ጣት ላይ የሚደረገው የኦክስጅን መለኪያ ይታለላል፤ ሰውየው እየታፈነ መለኪያው 98 ሊያሳይ ይችላል። እዚህ ላይ እውነተኛ የደም ምርመራ አለ፤ ጋዙ ከደም ጋር ምን ያህል እንደተያያዘ የሚለካ። ግን ያንን ምርመራ ለማዘዝ ሐኪሙ መጀመሪያ «ቤት ውስጥ ከሰል ነበር ወይ? ሌላ የታመመ ሰው አለ ወይ?» ብሎ መጠየቅ አለበት። ጥያቄው ምርመራውን ይቀድማል። እናንተም ብትሆኑ ሳትጠየቁ ተናገሩት።

የራስ ሕመምን በደም ለመለየት የሚሞከረው እኛ ጋ ብቻ አይደለም። በሌላውም ዓለም ሳይንቲስቶች በደም ውስጥ ምልክት ይፈልጋሉ፤ ባዮማርከር ይሉታል። በ2018 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ ጭንቅላታቸውን የተመቱ አዋቂዎች ላይ የሚሠራ የደም ምርመራ ፈቅዷል፤ በ2024 እ.ኤ.አ. ደግሞ ከታማሚው አልጋ አጠገብ በ15 ደቂቃ ውጤት የሚሰጠውን። አንጎል ሲጎዳ ወደ ደም የሚፈሱ ሁለት ፕሮቲኖችን ይለካል። ወሬው ወደኛም መድረሱ አይቀርም፤ «የራስ ምታት የደም ምርመራ መጣ» የሚል ማስታወቂያ አንድ ቀን እናያለን። ስለዚህ አስቀድሜ ልናገር። ያ ምርመራ ራስ ምታትን አይለይም። የተፈቀደው ጭንቅላታቸውን ከተመቱ 24 ሰዓት ላልሞላቸው፣ ነቅተው ለሚናገሩ አዋቂዎች ነው፤ ሥራውም ሲቲ ስካን ሳይነሱ ማን በሰላም መቆየት እንደሚችል ማገዝ ነው። እነዚያ ሰዎች ምርመራውን ለማን፣ መቼ፣ ለምን ጥያቄ እንደሚያዝዙት በትክክል ወስነዋል። እኛ ግን ለሁሉም ሰው፣ ሁልጊዜ፣ ለማንኛውም ጥያቄ አንድ ዊዳል አለን። ማይግሬንን የሚለይ የደም ምርመራ እስካሁን የትም አገር ሥራ ላይ አልዋለም፤ ዓለም አቀፉ የራስ ምታት መመሪያ ማይግሬንን የሚለየው ታማሚው በሚናገረው ነው።

ደም መመርመርን ጠላች እንዳትሉኝ። ከአዳማ፣ ከመተሐራ፣ ከአዋሽ ወይም ከሌላ ቆላ አካባቢ ተመልሳችሁ ትኩሳትና ራስ ምታት ካለባችሁ የወባ ምርመራ ግዴታ ነው፤ በማይክሮስኮፕ ተሕዋሲው ራሱ ነው የሚታየው። ግርሻም እንደዚሁ በደም ጠብታ ውስጥ ሲንቀሳቀስ ይታያል። ዕድሜው ከ50 በላይ ሆኖ አዲስ ራስ ምታት የጀመረው፣ ጆሮ ግንዱን ሲነኩት የሚያመው፣ ሲያኝክ መንጋጋው የሚደክመው ሰው ኢኤስአር የሚባለው ርካሽ የደም ምርመራ ዓይኑን ሊያድንለት ይችላል። ኤችአይቪ በደሙ ውስጥ ያለ ሰው ደግሞ ራስ ምታቱ ከቀጠለ ክሪፕቶኮከስ የሚባለውን ፈንገስ በደም መፈለግ ያስፈልጋል። እነዚህ ሁሉ ጥያቄ ቀድሟቸው የመጡ ምርመራዎች ናቸው።

ታይፎይድም የለም አላልኩም። አለ፤ አደገኛም ነው። በአቃቂ ወንዝ የሚጠጣ ሰላጣና ጎመን የምንበላ ሰዎች ታይፎይድ የለም ብንል እንቀልዳለን። እውነተኛው ታይፎይድ ግን ቀስ እያለ ከቀን ወደ ቀን የሚወጣ ትኩሳት አለው፤ ሰውየው ይዝላል፣ ምግብ ያስጠላዋል፣ ሆዱን ያመዋል፣ ይደርቃል ወይም ያስቀምጠዋል። ካልታከመ በሦስተኛው ሳምንት ገደማ አንጀት ሊበሳ ይችላል። ራስ ምታትም አለው፤ ግን ያለ ትኩሳት ብቻውን አይመጣም። ትኩሳቱ ከሦስት ቀን ካለፈ የምትጠይቁት ምርመራ የደም ካልቸር ነው፤ አንቲባዮቲክ ከመጀመራችሁ በፊት። «ካልቸር እዚህ አይሠራም፣ ውድ ነው፣ ቀን ይፈጃል» ትሉኛላችሁ። እውነት ነው፤ ሁሉም ጋ የለም። በሌለበት ሐኪሙ የትኩሳቱን ቀን ቆጥሮ፣ ሆድ ነክቶ፣ ወባን አስወግዶ በምልክት ሊያክም ይችላል፤ ይሄ ሕክምና ነው። ትኩሳት ለሌለው የአንድ ቀን ራስ ምታት 1 ለ 80 አይቶ ሲፕሮ መስጠት ግን ሕክምና አይደለም። «ደሜ ውስጥ ቀርቷል» ለምትሉም፦ ታይፎይድ በጥቂት ሰዎች ላይ የሚቀረው ብዙውን ጊዜ ሐሞት ከረጢት ውስጥ ነው፣ እዚያ ተቀምጦም ራስ አያሳምምም።

ብዙ ጊዜ የምናየው ራስ ምታት ከዚህ ሁሉ የቀለለ ነው። በጾም ቡና የቀረበት ሰው ራሱን ያመዋል። ቁርስ ሳይበላ፣ ውሃ ሳይጠጣ ትምህርት ቤት የዋለ ልጅ ራሱን ያመዋል። የሕፃናት ማይግሬን ደግሞ ከአዋቂው ይለያል፤ አጠር ያለ ነው፣ ግንባሩን በሁለቱም በኩል ያመዋል፣ ሆድ ቁርጠትና ማስመለስ አለው፣ ተኝቶ ሲነሳ ይሻለዋል፤ እናቱን ብጠይቃት ብዙ ጊዜ «እኔም እንዲሁ ያመኝ ነበር» ትላለች። ማስታገሻ በየቀኑ የሚውጥ ሰውም ማስታገሻው ራሱ ራስ ምታት ይሆንበታል፤ በወር ከ15 ቀን በላይ ፓራሲታሞል ወይም አይቡፕሮፌን የምትወስዱ ከሆነ፣ ወይም እንደ ትራማዶል ያለውን ከ10 ቀን በላይ፣ ተጠርጥሩ።

የሚያስፈራው የትኛው ነው? በአንድ ጊዜ እንደ ጥይት የሚመታ፣ በሕይወታችሁ አይታችሁት የማታውቁት ራስ ምታት፤ አንጎል ውስጥ ደም ፈስሶ ሊሆን ስለሚችል ሲቲ ስካን ነው የሚያስፈልገው፣ በመጀመሪያዎቹ ስድስት ሰዓታት ውስጥ ሲሆን ደግሞ ይበልጥ ይታመናል። ትኩሳት ያለበት፣ አገጩን ወደ ደረቱ ማስጠጋት የሚያቅተው። የሚያንቀጠቅጠው፣ የሚያቃዠው፣ አንድ ጎኑ የደነዘዘ ወይም አፉ የተጣመመ። ጭንቅላቱን ተመትቶ ደጋግሞ የሚያስመልሰው። በልጆች ላይ ሌሊት ከእንቅልፍ የሚቀሰቅስ ወይም ጠዋት ጠዋት ከማስመለስ ጋር የሚመጣ፣ አካሄዱን ያበላሸው፣ ዓይኑን ያንሸዋረረው ራስ ምታት። ራሴን አመመኝ ማለት የማይችል ጨቅላ ደግሞ ጡት እምቢ ሲል፣ ሲነጫነጭ ወይም ሲደነዝዝ፣ እርግብግቢቱ ሲያብጥ፤ በጨቅላ ላይ ማጅራት ላይደርቅ ይችላል፣ እሱን አትጠብቁ። እነዚህን ካያችሁ ሰፈር ላብራቶሪ አትቁሙ። ጥሩነሽ ቤጂንግም ሆነ ወደሚቀርባችሁ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ሂዱ፤ መኪና ካጣችሁ የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ነው።

በቀጣይ ክሊኒክ ስትሄዱ «ዊዳል እንሥራ» ከተባላችሁ በትሕትና ሁለት ነገር ጠይቁ። «ምን አስበው ነው?» እና «ኔጌቲቭ ቢሆን ወይም ፖዘቲቭ ቢሆን ሕክምናው ይለወጣል?»። ጥሩ ሐኪም በዚህ አይቀየምም፤ ቁጭ ብሎ ያስረዳችኋል።

ደግሞ በውስጥ መስመር የወረቀት ፎቶ እያነሳችሁ «ዶክተር፣ 1 ለ 160 ነው፣ ምን ልውሰድ?» የምትሉኝ አላችሁ። ፎቶውን ተዉት። የታማሚውን ዕድሜ፣ ስንት ቀን እንደሆነው፣ ትኩሳት ተለክቶ ስንት እንደሆነ፣ ከዚህ በፊት እንዲህ ሆኖ እንደሚያውቅና እስካሁን የወሰደውን መድኃኒት ስም ጻፉልኝ። ሴት ከሆነች ነፍሰ ጡር ወይም አራስ መሆኗንም። እሱን አንብቤ እመልሳለሁ።